ጀነሬተርን አምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ባትሪውን አያድነውም

ሰሞኑን ስለ ጀነሬተር ባትሪ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዱ ደንበኛዬ ነው። ከሥሩ "አየህ? አንተ ግን ለዚህ ታስከፍለኛለህ" ብሎ ጽፎበታል። ይቺን ካየሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይሄን ነው። ጀነሬተራችሁን በሳምንት አንድ ቀን ለአምስት ደቂቃ አስነሱት፤ ባትሪው በዚያው ይሞላል። በቴስተር ስትለኩት 12 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡት፣ ይሞታል። ከደከመ አሲዱን ደፍታችሁ በአዲስ ሙሉት። ቻርጀር ካላችሁ ሰክታችሁ ተዉት። ክዳን የሌለው ድፍን ባትሪ ከሆነ ጭራሽ አትንኩት። ከሁለት ባትሪ አንዱ ከሞተ እሱን ብቻ ቀይሩ። አሁንም ካስቸገረ ተለቅ ያለ ባትሪ ግዙ።

ጸሐፊውን አላውቀውም። ለሰው አስቦ እንደጻፈው ያስታውቃል። ስለ ናፍጣ ማጣሪያና ስለ ዘይት ያለው ጥሩ ነው፣ እሱን አልነካም። የባትሪው ክፍል ግን ለመኪና የተጻፈ ነው የሚመስለው። መኪና በየቀኑ ይነዳል፣ ባትሪውም በየቀኑ ይበላል። ለመጠባበቂያ የተቀመጠ ጀነሬተር ወር ሙሉ ቆሞ ይውላል። ከዚያ አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በድንገት ተነስ ይባላል። መኪና ቢሆን በግፊ ይነሳል። ጀነሬተርን ማን ይገፋዋል?

እኔ ደብረ ማርቆስ ነው የምሠራው። ከደጀን እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ሲጠሩኝ ደግሞ እስከ ቢቸናና ሞጣ ድረስ እየሄድኩ ጀነሬተር እጠግናለሁ። "አልነሳ አለ" ተብዬ ከምሄድባቸው ቦታዎች በብዙዎቹ ሞተሩ ምንም አልሆነም። ናፍጣም አለ። የሞተው ባትሪው ነው። የሞተውም በሥራ ብዛት አይደለም፤ ቁጭ ብሎ በረሃብ ነው።

ዋናዋ ጥፋት አምስት ደቂቃዋ ስለሆነች ከእሷ ልጀምር።

ባለፈው ነሐሴ ከአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ክሊኒክ ደወለልኝ። መብራት ከሄደ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የክትባት ፍሪጅ አላቸው። ጀነሬተሩ "ቲክ ቲክ ቲክ" ይላል እንጂ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አይዞርም። ዝናቡ እየወረደ ደረስኩ። ዘበኛው ጃንጥላ ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ፤ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ገና ሰላም ሳንባባል ከጋቢያቸው ሥር ደብተር አወጡ።

"ልጄ፣ ኋላ በኔ እንዳያሳብቡ። ሰኞ ሰኞ አስነሳዋለሁ። ይኸው ተጽፏል።"

ገለጥኩት። እውነት ነው። በእርሳስ፣ በመስመር በመስመር፣ ቀኑም ሰዓቱም ሰፍሯል። "2፡00 ተነሳ። 2፡05 ጠፋ።" ገጽ በገጽ የዓመት ከመንፈቅ ሰኞዎች። አንድም አላመለጣቸው። የመጨረሻዋ ሰኞ አጠገብ ብቻ "አቃስቶ ተነሳ" የምትል አለች።

"አያ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም" አልኳቸው። "ያዘዘዎት ሰው ነው ያጠፋው።"

ባትሪውን ለካሁት፤ 11.7 ቮልት። ቁልፉን ሲያዞሩት ወደ 6 ወረደ።

እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሞተሪኖ ሲያስነሳ ብዙ ይስባል። 300 አምፔር ለሦስት ሰከንድ እንበል። ብዙ ይመስላል፤ በሰዓት ስትመነዝሩት ግን ሩብ አምፔር ሰዓት ብቻ ነው (አንድ አምፔር ሰዓት ማለት አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ ነው)። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ይቺን በደቂቃ ውስጥ ይመልሳታል። ጸሐፊው እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። የረሳው ሌላውን የሳምንቱን ጊዜ ነው። መብራት ሲሄድ በራሱ የሚነሳ ጀነሬተር ኮንትሮለር አለው። ኮንትሮለሩ አይተኛም፤ ቀንም ሌሊትም መብራት አለ የለም እያለ ይጠብቃል። ለዚህ ሥራው 50 ሚሊ አምፔር ቢወስድ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው። በሳምንት 8.4። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ደግሞ ማንም ሳይነካው በራሱ በሳምንት አንድ ያህል ይከስራል። በድምሩ 9.4 ወጣ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዲናሞው 30 አምፔር ቢሰጥ እንኳ የገባው 2.5 ነው። በየሳምንቱ የሰባት አምፔር ሰዓት ዕዳ። በሰባት ሳምንት ባትሪው ግማሽ ሆነ ማለት ነው፤ ደብተሩ ግን ምንም ጉድለት አያሳይም።

ታዲያ ዓመት ከመንፈቅ እንዴት ቆየ? እኔም ይሄን ጠየቅኩ። የፓኔሉን በር ስከፍተው መልሱ እዚያው ነበር። ውስጡ ባትሪውን ከመብራት ኃይል መስመር የሚሞላ ትንሽ ቻርጀር አለ። የእሱ ብሬከር ወርዷል። ከሰኔ ጀምሮ ነው አሉኝ። ከቢሮ አንድ ሰው "ያቺ ቀይ መብራት ሌት ተቀን እየበራች ቆጣሪ ትበላለች" ብሎ አስወርዶታል። ባትሪው ለካ ዓመት ሙሉ የኖረው በቻርጀሩ ነው። የሰኞው አምስት ደቂቃ አጃቢ ነበር።

ለመሆኑ ያ ቻርጀር ምን ያህል ይበላል? ባትሪው ከሞላ በኋላ አሥር ዋት ገደማ ቢስብ ነው። ባለ 60 ዋት አሮጌ አምፖል በቀን አራት ሰዓት ቢበራ የሚወስደውን ያህል ማለት ነው። በወር ሰባት ኪሎ ዋት ሰዓት። ለዚህ ብለው ባትሪ ገደሉ። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ሲጫን በዓይኔ አየሁ።

ታዲያ ጀነሬተሩን ማስነሳት ይቅር ወይ? አይቅር። ማስነሳት የሚጠቅመው ግን ለሞተሩ ነው። ዘይቱ እንዲዳረስ፣ ናፍጣው እንዲንቀሳቀስ፣ እንደሚነሳም እንድታረጋግጡ። ለዚህ በወር አንድ ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ከአቅሙ ሲሶ ያህል ጭነት ተሸክሞ ይሥራ። ያለ ጭነት አምስት ደቂቃ አንደቅድቆ ማጥፋት ሞተሩንም ይጎዳዋል። ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም። ጭስ ማውጫው ውስጥ ጥቁር ቅባት ይጠራቀማል። ዘይቱም እርጥበት ይይዛል።

"12 ካሳየ ሙሉ ነው" ወደሚለው እንሂድ። የ12 ቮልት ባትሪ ስሙ ነው 12። ውስጡ ስድስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ስድስት ጊዜ 2.1፣ 12.6 ነው። ስለዚህ ባትሪው አርፎ ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ካሳየ ሞልቷል። 12.4 ካሳየ ሦስት ሩብ ላይ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። ጸሐፊው "ሙሉ" ያላት 12.0 ሩብ ብቻ የቀረው ባትሪ ናት። 11.8 ላይ ከደረሰ ባዶ በሉት። ከሙሉ እስከ ባዶ ያለው ርቀት አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው ባለ መርፌ መለኪያ የሚያሳስተው፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን የሚያሳይ ዲጂታል ቴስተር ያዙ።

"አርፎ" ያልኩትን ልብ በሉ። ቻርጀር እንደነቀላችሁ ወይም ጀነሬተሩን እንዳጠፋችሁ ብትለኩት 13 ያሳያችኋል። ውሸት ነው። ቢያንስ ሦስት አራት ሰዓት ይቆይ።

እሱም ብቻውን አይበቃም። የክሊኒኩን ባትሪ ወደ ቤቴ ወስጄ ሌሊቱን ሙሉ ሞላሁት። ጠዋት አሳርፌ ስለካው 12.5 አለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ወስጄ ገጠምኩት፤ ሲያስነሳ 8 ላይ ወደቀ። ሞልቷል፣ ግን ሆዱ ጠቧል። አንድ ሊትር ዕቃ ውስጥ ድንጋይ ብትሞሉበት እስከ አፉ ውኃ ይታያል፤ ሲቀዳ ግን ሁለት ብርጭቆ አይሆንም። እንደዚያ ነው የሆነው። እናም ፈተናው ይሄ ነው። አንድ ሰው ቴስተሩን ባትሪው ላይ ይያዝ፣ ሌላው ያስነሳ። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ወይ አልሞላም ወይ አርጅቷል። ሞልቶም ከወረደ፣ ምክር አያድነውም። ሌላ ይገዛ።

ይቺ ድንጋይ ከየት መጣች? ይህ ወደ አሲዱ ይወስደናል። ጽሑፉ ውስጥ በጣም ያናደደኝም "አሲዱን ደፍታችሁ በአዲስ ሙሉት" የሚለው ነው፤ ምክንያቱም በየከተማችን የሚሠራ ነገር ነው።

ነገሩ አዲስ ሳይንስ አይደለም። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ይህን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው፤ መሠረቱ እስካሁን ያው ነው። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ አሲዱ ውስጥ ያለው ሰልፌት ወደ እርሳሱ ፕሌት ይገባል። አሲዱ ይቀጥናል፣ ወደ ውኃነት ይጠጋል። ቻርጅ ስታደርጉት ሰልፌቱ ከፕሌቱ ወጥቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። የሞላ ባትሪ አሲድ በአሲድ መለኪያ ክብደቱ ከውኃ ጋር ሲነጻጸር (ውኃ 1.00 ነው) 1.27 አካባቢ ነው። ባዶው 1.12 አካባቢ። እና አሲዱ ቀጠነ ማለት አሲድ ጠፋ ማለት አይደለም። ፕሌቱ ላይ ተቀምጧል።

ወጥ ቀምሳችሁ ጨው አነሰው ብላችሁ ጨመራችሁ እንበል። ጨዉ ግን ለካ ድስቱ ሥር ተቀምጦ ኖሯል። ሲማሰል ማን ይበላዋል? አዲስ አሲድ መጨመር ይኸው ነው። ለጊዜው ቮልቱ ከፍ ይላል፣ ባለቤቱም ተደስቶ ከፍሎ ይሄዳል። ቻርጅ ሲደረግ ግን የድሮው ሰልፌት በአዲሱ ላይ ይመለሳል፤ አሲዱ ከልኩ በላይ ይበረታና ፕሌቱን ይበላዋል። ለመድፋት ባትሪውን ሲገለብጡት ደግሞ ሥር የተጠራቀመው የእርሳስ ዝቃጭ ተነስቶ በፕሌቶቹ መሃል ይገባል። እዚያው ውስጡ ሾርት ያደርጋል። የተደፋው አሲድ እርሳስ ያዘለ መርዝ ነው። ዶሮም ልጅም በሚረግጠው ግቢ ላይ መድፋት ምን ይሉታል?

ድንጋይ ያልኩት ያው ሰልፌቱ ነው። ባትሪው ጎድሎ ለሳምንታት ከቆየ ፕሌቱ ላይ የተቀመጠው ሰልፌት እንደ አሞሌ ጨው ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ቻርጀር አይፈታውም። የክሊኒኩ ባትሪ ሆድ የጠበበው በዚህ ነው። አሲድ ብትቀይሩለት አሞሌው የት ይሄዳል?

ክዳን ላለው ባትሪ የሚጨመረው ውኃ ብቻ ነው። እሱም ለባትሪ ተብሎ የሚሸጠው የተጣራ ውኃ። የቧንቧ ውኃ ማዕድን አለው፤ አፍልታችሁ ብታቀዘቅዙት ማዕድኑ አይጠፋም። ከቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃም ዝገትና አቧራ ይዞ ነው የሚወርደው። ሱቅ ስትገዙ ውኃ መሆኑን ደግማችሁ ጠይቁ፤ አሲዱም ውኃውም በአንድ ዓይነት ጀሪካን ሲሸጥ አይቻለሁ። ፕሌቱ ከታየ መጀመሪያ እስኪሸፈን ብቻ ጨምሩ፣ ቻርጅ አድርጉ፣ ከዚያ እስከ ልኩ ሙሉ። ጎዶሎውን ባትሪ ከመጀመሪያው እስከ አፉ ከሞላችሁት ቻርጅ ሲደረግ ይገነፍላል። ደግሞ ውስጡን ለማየት ክብሪት የሚጭር ሰው አለ። ኧረ በእመብርሃን! ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይወጣዋል። ሃይድሮጅን አየሩ ውስጥ አራት በመቶ ከደረሰ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። የስልካችሁ መብራት ምን ሆነ?

"ቻርጀሩን ሰክታችሁ ተዉት" የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ እኔን አንዴ አስከፍሎኛል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። የአንድ ሆቴል ጀነሬተር ባትሪ ደክሟል። ለከባድ መኪና የምንጠቀምበትን ቻርጀር ከተራ ዕለት ማታ ሰካሁለት። በነጋታው ጥምቀት፣ ማግሥቱ ቃና ዘገሊላ። እኔም ታቦት አጅቤ፣ ጨፍሬ፣ ቻርጀሩን ረሳሁት። ጥር 12 ከሰዓት ስመለስ የጀነሬተሩ ክፍል የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ባትሪው ጎኑ አብጧል። ክዳኑን ስከፍተው ፕሌቶቹ ራቁታቸውን ቀርተዋል፣ ውኃው ተኗል። ቮልቱ ከ15 በላይ ነበር። ባትሪውን ከኪሴ ገዛሁ። የጥምቀቱን ደስታ የጨረስኩት በዕዳ ነው።

የመኪና ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ማቆም አያውቅም፤ እየገፋ ይቀጥላል። ለጀነሬተር የሚያስፈልገው ሲሞላ ራሱን ወደ ጥበቃ የሚያወርደው ዓይነት ነው። መጀመሪያ እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ ወጥቶ ይሞላል። ከዚያ ወርዶ ከ13.5 እስከ 13.8 መካከል ይዞት ይቆያል። እዚያ ላይ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ቢሰካ ችግር የለውም። ባለ 24 ቮልት ጀነሬተር ከሆነ ሁሉንም በሁለት አባዙት። አሠራሩን ለማወቅ ባለሙያ አትጥሩ፤ ከተሰካ ከሁለት ቀን በኋላ ባትሪው ላይ ለኩ። 13.6 ካያችሁ ተኙ። 14.5 ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ንቀሉት። 12.5 ከሆነ ቻርጀሩ አይሠራም፣ ብሬከሩን ተመልከቱ።

ቁጥሩ የተሰጠው ለ25 ዲግሪ ሙቀት ነው። ጽሑፉ ግን አገሩ ሁሉ አንድ አየር ያለው አስመስሎታል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሮ መንቆረር ስትባል የነበረችው ከተማ ብርዷ ዛሬም አልተለወጠም። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ዝቅ ይላል፣ መጋቢት ላይ ቀኑ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃ ስትወርዱማ ሌላ ዓለም ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ባትሪው በራሱ የሚከስረው በእጥፍ ገደማ ያድጋል፣ ዕድሜውም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ የእኛ ብርድ ቆሞ ለሚውል ባትሪ ደግ ነው። ክፋቱ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ላይ ነው፤ ዘይቱ ይወፍራል፣ ባትሪውም አቅሙ ይቀንሳል፣ የደከመው ያን ጊዜ ይጋለጣል። ጥሩ ቻርጀር ሙቀቱን ለክቶ ቮልቱን ያስተካክላል፤ በ15 ዲግሪ 0.2 ቮልት ያህል ከፍ ያደርጋል። ስትገዙ ይሄን ጠይቁ። ባትሪውንም የሞተሩ ትኩስ አየር ከሚነፍስበት ጎን አንሱት።

የሲሚንቶው ነገር አያከራክርም። ድሮ የባትሪ ሣጥን ከእንጨትና ከጠንካራ ጎማ ይሠራ በነበረበት ዘመን እርጥበት ያሾልክ ነበር፤ ወሬው ከዚያ የቀረ ነው። የዛሬው ፕላስቲክ ነው። ጣውላ ላይ ማስቀመጥ ክረምት ከጎርፍ ያድነዋል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ሲሚንቶ ላይ "የሞተው" ባትሪ ጣውላ ላይ ቢቀመጥም ይሞት ነበር፤ ያልመገበው ሰው ነው የገደለው።

ድፍኑ ባትሪም ያው ነው። ውኃ አይጨመርበትም ማለት አይራብም ማለት አይደለም። በራሱ የሚከስረው ትንሽ ነው፣ ኮንትሮለሩ ግን ከእሱም እኩል ይወስዳል። የምስራቹ ሳይከፈት በቴስተር መፈተሹ ነው፤ ክፋቱ አንዴ ካፈሉት ውኃ የምትመልሱበት ቀዳዳ አለመኖሩ።

ስለ ሁለቱ ባትሪዎች ደግሞ ትንሽ ልቆይ። ትልልቆቹ ጀነሬተሮች 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስሮ። ጽሑፉ "የሞተውን ብቻ ቀይሩ" ይላል። ሁለት በሬ ጠምዳችሁ አንዱ ወይፈን፣ አንዱ ያረጀ ቢሆን እርሻው እንዴት ይሆናል? አሮጌው ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይጎድላል። ቻርጀሩ የሚያየው የሁለቱን ድምር ብቻ ነው። 27.2 ያያል፤ አንዱ 14.4፣ ሌላው 12.8 ሆነው ሊሆን ይችላል። አንዱ ይፈላል፣ አንዱ ይራባል። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን ይገዙ። እየለያያችሁም ለኩ። በመካከላቸው የ0.2 ቮልት ልዩነት ካያችሁ ነገር አለ።

ነገሩ ብዙ ጊዜ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከሁለቱ ባትሪ አንዱ ላይ ብቻ ቀጭን ሽቦ ታስሮ ታገኛላችሁ። ሽቦውን ስትከተሉት ዘበኛ ቤት ይገባል። ሬዲዮ፣ የስልክ ቻርጀር፣ አንዲት አምፖል። 12 ቮልት የሚገኘው ከአንዱ ባትሪ ብቻ ስለሆነ አንዱ ብቻ ይጠባል። በዘበኛው አልፈርድም፤ ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ጨለማ ነው። ለእሳቸው የራሳቸው አነስተኛ ሶላር መብራት ግዙላቸው፤ ከባትሪው ዋጋ በጣም ያንሳል።

"ተለቅ ያለ ባትሪ ግዙ" የሚለውን ባልፈውም ይቻል ነበር። የሚያፈስ እንስራ በትልቅ እንስራ ቢቀየር የሚደርቅበት ቀን ይርቃል እንጂ መድረቁ አይቀርም። መጀመሪያ የሚያፈሰውን ፈልጉ። የነጌቲቩን ገመድ ፍቱና ቴስተሩን በሚሊ አምፔር በመሃል አስገቡት፤ ጀነሬተሩ ቆሞ ሳለ ስንት እንደሚወስድ ያሳያችኋል። ቴስተሩ በመሃል እያለ ግን ማንም ቁልፍ እንዳያዞር። በራሱም እንዳይነሳ ኮንትሮለሩን "ስቶፕ" ላይ አድርጉት። አለዚያ የቴስተሩ ፊውዝ ይሄዳል፣ ዕድለኛ ካልሆናችሁ ቴስተሩም። ገመድ ስትፈቱ ሁልጊዜ ነጌቲቩ ይቅደም፣ ስትገጥሙ ነጌቲቩ ይከተል። ቁልፋችሁ ከቦዲው ጋር ቢነካካ እሳት እንዳይተፋ ነው።

ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው አንድ ነገር ቀርቷል፤ ለእኛ አገር ግን ዋናው እሱ ነው። ቻርጀር የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው። መብራቱ ለሳምንት ሲጠፋስ? ዓባይ ጎጃምን ዙሪያውን አቅፎ ይዞራል። ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 460 ሜጋ ዋት ተባለ፤ ሕዳሴም በ2017 መጨረሻ ተመረቀ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደሚባለው ነው፤ መስመር ወድቆ፣ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ፣ ወይ ባልታወቀ ምክንያት ቀናት በጨለማ የምናድርበት ጊዜ አለ።

እንዲህ ባለ ቦታ ሁለት መንገድ አለ። ጀነሬተሩ በቁልፍ ብቻ የሚነሳ፣ ኮንትሮለር የሌለው ትንሽ ከሆነ ነጌቲቩን ፍታችሁ አስቀምጡ። በየወሩ ለኩት፣ 12.4 ሲደርስ ወስዳችሁ አስሞሉት። በራሱ የሚነሳ ከሆነ ግን መፍታት አይሆንም፤ ገመዱ የተፈታ ጀነሬተር በራሱ አይነሳም። ለእሱ ባለ 20 ዋት ሶላር ፓኔል፣ ቻርጁን ከሚቆጣጠርለት ከራሱ የሶላር ኮንትሮለር ጋር፣ ባትሪው ላይ ይታሰር። ፀሐይ ባለበት ቀን አራት ሰዓት ያህል በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ስድስት አምፔር ሰዓት ይሰጣል። የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ደመና ሩቡን ብቻ ቢያስቀርለት እንኳ 1.5 ነው። ባትሪው በቀን የሚያጣው ከላይ ባሰላነው 1.3 ገደማ ነበር፤ ይበቃዋል። ፓኔሉን ያለ ኮንትሮለር በቀጥታ የሚያስሩ አሉ። በበጋ ባትሪውን ያፈላዋል፤ የእኔን ጥምቀት ታስታውሳላችሁ።

የባትሪው ማሰሪያ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ሲወጣ በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ስስ ግሪስ ቀቡ የሚለው የጸሐፊው ምክር ትክክል ነው። ሶዳው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይጠበቁ፣ ይኼው ነው።

ክሊኒኩ አዲስ ባትሪ ገዛ። ብሬከሩ ላይ ሽፋን አደረግንለት። ለአያ ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ሰጥቻቸው ቀዩን የት፣ ጥቁሩን የት እንደሚያስነኩ አሳየኋቸው። ሰኞ ሰኞ ማስነሳቱ ቀርቶ በወር አንድ ጊዜ ሆኗል፤ ሰኞ ሰኞ ይለካሉ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ደብተሩን አሳዩኝ። አዲስ ዓምድ በማስመሪያ ተሰምሯል። 13.6። 13.6። 13.5። 13.6። 12.6። ከመጨረሻዋ አጠገብ "መብራት የለም" ይላል፤ ሥሩ ሁለቴ ተሰምሮበታል።